በአንገት የታሰሩ ቃላት

አዛናው የተጠራው ቂጣውን እያኘከ ሳለ ነበር። የማሽላ ቂጣ ነው፤ እህሉ ስላልላመ ጥርስ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። አጠገቡ የተቀመጡት አርበኞች «ዛሬስ ከጥሊያን ቀድሞ ቂጣው ሊጨርሰን ነው» እየተባባሉ ሲያጉረመርሙ፣ ቆዳ ሰፊው ውባንተ ከወንዙ በኩል እያለከለከ ደረሰ።

«አዛናው! ተነሥ፣ ፊታውራሪ ይጠሩሃል። አስተርጓሚያችንን እንግዳውን ገድለውታል!»

«ማን?»

«ያ ነጋዴ ነዋ! ሙሐመድጣሂር! ደሙ ከእጅጌው ሳይደርቅ ይዘነዋል።»

ጊዜው ኅዳር 1933 ነበር። መተማ ላይ የተሞከረው ውጊያ ሳይቀና ከቀረ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። የፊታውራሪ ደምለው ጦር ጓንግ ወንዝ ዳር ባለ ጥሻ ውስጥ ተወሽቋል፤ አርባ ሰው፣ ለአንድ ጠመንጃ አምስት ጥይት። በሳንጃ በኩል የጠላት ሠራዊት እየተጠጋ ነው። መተማም የጠላት እንደ ሆነ አለ። ከዚህ ወጥመድ ወደ ሱዳኑ ገላባት የሚያወጣውን ስውር መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙሐመድጣሂር። አሁን እሱ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ሮቃ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ ገመድ ተንጠልጥሏል።

ፊታውራሪ አዛናውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉት። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ዐይን ነበራቸው።

«አንተ ካርቱም ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ ብለኸኛል።»

«ነበርሁ። ሌሎች ሲመረምሩ እጽፍ ነበር እንጂ መርምሬስ አላውቅም፣ ፊታውራሪ።»

«የሚያውቅማ የለንም። ሰዎቼ አብደዋል። ያን ሰው ባልሰቅለው እኔኑ ይሰቅሉኛል፤ ከሰቀልሁት ደግሞ መንገዳችንን አብሬ መስቀሌ ነው። ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትቆም ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። እሱ ከሆነ ይሙት። ካልሆነ ግን ንጹሕ ሰው ሰቅዬ እንዳልቀር።»

አዛናው እሺ አለ፤ ግን ልቡ እሺ አላለም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አጎቱ ከአገር አውጥቶ እስክንድርያ አስተምሮታል፤ ካርቱም ሠርቷል፤ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሰዉ «የካርቱሙ» እያለ ይጠራዋል። እሱም ሲጠሩት ወዲያው አይዞርም፤ ማንን እንደሚጠሩ ያልገባው ይመስል። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሌሊት ከተኛ ሦስተኛውን እንቅልፍ ያጣል። በእንግዳው ግን ይቀናበት ነበር፤ አሁን ሬሳውን ለማየት ሲወርድም መጀመሪያ ትዝ ያለው ያ ቅናቱ ነው።

እንግዳው የጦሩ አስተርጓሚ ነበር። እንግሊዝኛን የተማረው ገዳሪፍ ውስጥ ለአንድ እንግሊዝ ሐኪም ወጥ እየሠራ በጆሮው ነው። ቃል ይወድ ነበር፤ ሌላው ሰው ጥሩ በቅሎ እንደሚወደው ዓይነት። ያማረና እንግዳ የሆነ ቃል ሲሰማ ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በአፉ ያዞረዋል፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። አምና ለጦሩ ክታብ የሚጽፈው ደብተራ በወባ ሲሞት፣ አርበኞቹ «በዚያ ጥሊያን በማያውቀው ቋንቋ አንተ ጻፍልን» ብለው ያዙት። መጀመሪያ ሳቀባቸው። ኋላ ግን እያንዳንዱን ሰው አንድ ቀን ሙሉ እያየ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል ሰጠ። ለፊታውራሪ «ሰንቲነል»፣ ለዘበኛው ለያረጋል «ላንተርን»፣ ለውባንተ «አዳማንት»። ውባንተ ወረቀቱን በትንሽ በትንሽ ቆዳ እየሰፋ በየአንገቱ አሰረው። ሰዉ የቃሉን ድምፅ በቃሉ ይዞ ማታ ማታ እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ፍችውን ግን እንግዳው ለማንም አልነገረም።

«ፍችውን መተማ የተያዘ ዕለት አነብላችኋለሁ» ይል ነበር። «እስከዚያ ውበቱ ይጠብቃችሁ።»

ፍችውን የሚናገረው አዛናው ነበር። ሰው ቃሉን በአፉ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ትምህርት ቤት እንደሸመደደው ወዲያው ቁርጥ አድርጎ ይመልሳል። «አዳማንት ብረት የማይሰብረው ድንጋይ ነው» ሲለው ውባንተ ሁለት ቀን ደረቱን ነፍቶ ሄዷል።

እንግዳው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ነጠላው ፊቱ ላይ ተዘርግቷል። አዛናው ገለጥ አደረገው። ዐይኖቹ በእጅ ተከድነዋል። አንገትጌው በውሃ እንደ ራሰ ነው፤ እየታጠበ ሳለ ከኋላ ተመትቷል። ማጅራቱ ላይ የጡጫ ያህል ክብ ስርጉዳት አለ፤ በቁስሉ ዙሪያ ጸጉሩ ነጣ ነጣ ብሏል።

«አሸዋ ነው» አለ አብሮት የቆመው ያረጋል።

አዛናው በጣቱ ቆንጥሮ አሸው፤ ከዚያ ወደ ምላሱ አስጠጋው። ያረጋል ፊቱን አዞረ።

«ምን ታረጋለህ አንተ! የሞተ ሰው...»

«ጠዋት በአንተ በኩል ወደ ወንዙ የወረደው ማነው?» አለ አዛናው ጣቱን እየጠረገ።

«በእኔ በኩል ያለፉት ከእንግዳው ሌላ ሦስት ናቸው። እመት አሰበች ውሃ ልትቀዳ፣ ነጋዴው ግመሉን ሊያጠጣ፣ ውባንተ ቆዳ ሊዘፈዝፍ። በሌላ በኩል ገደል ነው፤ ዝንጀሮም አይወርደው።»

ከሬሳው ጎን የተገኘውን ያረጋል ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ትንሽ የቆዳ ክታብ ነው፤ ጭቃ ለውሶታል፤ አፉ ተበጥሷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

«የነጋዴው ነው ይላሉ። ክንዱ ላይ የሚያስረው ነበር፤ ዛሬ ክንዱ ባዶ ነው።»

አዛናው ወደ ሮቃው ዛፍ ተመለሰ። ሙሐመድጣሂር ጀለቢያው በደም ጨቅይቶ፣ ዐይኑን ከገመዱ ላይ አልነቀለም።

«ሙሐመድጣሂር፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርህ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ? ግመሌን ላጠጣ ወረድሁ። ፊቱን ሸፍኖ ተኝቶ አየሁት። ‹እንግዳው፣ እንግዳው› አልሁት። ነጠላውን ብገልጥ ዐይኑ ተከድኗል። ትንፋሹን ልሰማ ቀና ባደርገው ደሙ እላዬ ላይ ፈሰሰ። መልሼ አስተኝቼ ሳለብሰው ውባንተ ደርሶ ‹ያዙት!› አለ። ወላሂ ይኸው ነው።»

«ደብተሩ ከኮርቻዎ ሥር ተገኘ።»

«ማታ ራሱ ሰጠኝ። ‹ከተከበብን ይህ እንዳይቃጠል፣ ገዳሪፍ አድርስልኝ› አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አደራ ነው ብዬ ያዝሁ።»

«የክንድዎስ ክታብ?»

«ሒጃቤ?» ሰውዬው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅ አለ። «ከግመሊቱ አንገት ላይ ነው። መብላት ከተወች ሦስት ቀኗ። እሷ ከሞተች እኔስ በምን እቆማለሁ? እኔን እስከ ብብቴ ፈተሹኝ፤ ግመሏን ግን ማን ፈተሸ?»

አዛናው ሄዶ የግመሊቱን አንገት ዳበሰ። ክታቡ አለ፤ ትልቅና አራት ማዕዘን፣ በጥጥ ፈትል የተሰፋ። በእጁ የያዘው ግን ትንሽና በጅማት የተሰፋ ነበር። ወደ ውባንተ አመራ።

«አያ ውባንተ፣ ይህ የማን ስፌት ነው?»

ውባንተ ቀና ብሎ ሳያይ «እንጃ፤ ነጋዴው ራሱ ሰፍቶት ይሆናላ» አለ።

«ጅማት ሁለቴ ጠልፎ የሚቋጭ ሌላ ሰው በዚህ ጥሻ ውስጥ አለ?»

ውባንተ ወስፌውን አስቀመጠ።

«የእኔ ነው። ብናገር ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ወንዝ ዳር ወስፌ ይዤ የወረድሁ እኔው ነኝ።»

«ንጹሕ ሰው ገመድ ሥር ተቀምጦ እያየህ ነው ዝም ያልኸው? አዳማንት!»

አዛናው ክታቡን ዘረጋለት።

«ስንት ሰፋህ?»

«አርባ ሦስት። እንግዳው ለራሱ አልጻፈም።» ውባንተ የተበጠሰውን ቆዳ ተቀብሎ አገላበጠ፤ ፊቱም ተለወጠ። «ይኸ እኮ ተፈቷል። ክታብ ይፈታል እንዴ? ከተፈታ ኃይሉ ያልቃል። የጠላት ክታብ እንኳ አይፈታም። ይህን የፈታ ሰው ምንም የሚፈራው ነገር የለውም።»

አዛናው በሰፈሩ ውስጥ እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው አንገት አየ። አርባውም ክታባቸውን አስረዋል። ጥላው እያጠረ፣ ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነበር።

እመት አሰበች ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በሁለት የወንዝ ድንጋይ ማሽላ ታደቃለች። ከጎንደር በላይ ካለው አገሯ ከአንድ ልጇ ከአለነ ጋር ጦሩን ተከትላ ወርዳለች፤ አምስት ዓመት ለዚህ ሁሉ ሰው ፈጭታ ጋግራለች። አለነ መተማ ላይ ቆስሎ በሸክም መጥቶ ጭኗ ላይ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ስታለቅስ ያያት የለም።

«እመት አሰበች፣ ጠዋት ወንዝ ዳር እንግዳውን አይተውታል?»

«አላየሁትም፣ ልጄ። ቀድቼ ተመለስሁ።»

«ቂጣው ዛሬ ምነው ሻከረ?»

ድንጋዩ ለአፍታ ቆመ። የጣቶቿ አንጓዎች ተልጠው ደም አርግዘዋል።

«ቸኩዬ ነው» አለች። «ደግሞ ለምን ይልማል? ለማን ብሎ?»

አዛናው ሌላ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ተወው። ፊቷን አይቶ ሳይሆን፣ ሊሰማው የሚችለውን ነገር ፈርቶ ነው። የእንግዳውን ደብተር ከፊታውራሪ ተቀብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ገለጠ። ገጽ በገጽ ቃላት ናቸው፤ ከሥራቸው የሰው ስም፣ ከስሙም ቀጥሎ በአማርኛ ጥቂት መስመር። አስተማሪ በዱላ ያስሸመደደው ቃል ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ ሌላ ፊት ነበረው። አንዱን ገጽ ገልጦ የአለነን ስም አየ። ከላይ የተጻፈውን ቃል በከንፈሩ አነበበ።

«ጎሳመር።»

ከአራት ቀን በፊት ይህን ቃል በአንድ ሰው አፍ ሰምቶታል። ምን ብሎ እንደመለሰም አስታወሰ። ከቃሉ ሥር ያለውን አማርኛ ሁለት ጊዜ አነበበ። ደብተሩን ጥሎ መሄድ፣ በዚያው ወደ ካርቱም መመለስ አማረው። ቀና ሲል ሁለት ሰዎች ገመዱን እያጠበቁ ነበር።

«ያረጋል!» ብሎ ጮኸ። «ሬሳው አጠገብ ያለውን ጥልቅ ውሃ ገብተህ ዳብስ። ምን እንደምታገኝ አውቃለሁ፤ ባታገኘው ግን በወደድሁ።»

እኩለ ቀን ላይ ጦሩ በሙሉ ከሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ሙሐመድጣሂርን ገመዱ ሥር አቁመውታል። ያረጋል እርጥብ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ መጥቶ ከአዛናው እግር ሥር አስቀመጠ።

«እህ፣ የካርቱሙ» አሉ ፊታውራሪ። «ፀሐይቱ አናቴ ላይ ናት።»

አዛናው ከነጋዴው አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ነጋዴው አልገደለም» አለ። ሰዉ ተንጫጫ። «ስሙኝ! አንደኛ፣ ይህ ክታብ የእሱ አይደለም። የእሱ ግመሊቱ አንገት ላይ ነው፤ ሄዳችሁ እዩ። ይህን የሰፋው ውባንተ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ውባንተ መሬት መሬት እያየ። «ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

«ታዲያ አንተ ነህ የገደልኸው!» አለ አንዱ ጠመንጃውን ሰብቆ።

«ቆይ» አለ አዛናው። «ውባንተ የሰፋው አርባ ሦስት ነው። አርባ ሰው አለን፤ አርባውም አንገት ላይ አለ። ስለዚህ ይህ የሙት ክታብ ነው። መተማ ላይ ሦስት ሰው ሞተብን። የሁለቱ ሬሳ ከነክታባቸው እዚያው ቀረ። ወደ እኛ መጥቶ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አዛናው ክታቡን ከጋቢው አጠገብ አኖረ።

«ሁለተኛ፣ በእንግዳው ቁስል ውስጥ ያለው ነጭ ነገር አሸዋ አይደለም፤ የማሽላ ዱቄት ነው። ነጋዴ በዱቄት ድንጋይ አይማታም፤ ቆዳ ሰፊም አይማታም። ሦስተኛ፣ የሞተው ሰው ዐይኑ ተከድኖ፣ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ ነው የተገኘ። ሊዘርፍ ወይም ሊከዳ የገደለ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዐይን መክደን የለመደ እጅ ነው ይህን ያደረገው። አራተኛ፣ ዛሬ ጠዋት ሁላችንም በቂጣው አጉረመረምን። ለምን ሻከረ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።»

ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ገለጠው። ጥቁር ክብ የወፍጮ መጅ ነበር፤ በዘመናት እጅ ተልጎ የለዘበ። የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በጦሩ ውስጥ አልነበረም። የታች ድንጋይ የትም ይገኛል፤ ይህን መጅ ግን እመት አሰበች ከአገሯ ጀምራ አምስት ዓመት በጀርባዋ ተሸክማዋለች።

«ለምን ወንዝ ጣሉት?» አለ አዛናው ወደ እሷ ዞሮ፣ በለሆሳስ። «አጥበው ቢመልሱት ማንም ባላወቀ ነበር።»

እመት አሰበች ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደም በነካው መጅ ፈጭቼ ላብላችሁ?» አለች። «ልጆቼ አይደላችሁም እንዴ?»

ገመዱን የያዘው ሰው ለቀቀው። ፊታውራሪ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«አሰበች፣ ምነው? እንግዳው ምን በደለሽ?»

«ለእርስዎ ምን ሰጠዎት፣ ፊታውራሪ? ዘበኛ የሚባል ቃል። ለዚህ ለያረጋል መብራት። ለዚያ ለወስፌ ጌታ ብረት የማይሰብረው ድንጋይ። ሁላችሁም ቆማችኋል። ለልጄ የሰጠውን ጠየቅሁ። በወሬ ተነሣሽ አትበሉኝ፤ የሚያውቅ ሰው ነው የጠየቅሁ።» ጣቷን ወደ አዛናው ዘረጋች። «ንገራቸው። ምን አልኸኝ?»

አዛናው የሰዉ ሁሉ ዐይን ሲወጋው ተሰማው።

«‹ጎሳመር ምንድን ነው?› አሉኝ። ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ቀና እንኳ አላልሁም። ‹የሸረሪት ድር ነው፤ እፍ ቢሉት የሚበጠስ፣ ከንቱ ነገር› አልኋቸው። የማን ቃል እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

«የሸረሪት ድር አስሮ ልጄን ከመትረየስ ፊት ላከው» አለች አሰበች። «ክታቡን ፈትቼ ወረቀቱን አየሁት። ያምር ነበር፣ እንዲያው ጽሑፉ። ጠዋት መጄን ላጥብ ይዤ ወርጄ፣ ሲታጠብ ከኋላው ቆሜ ‹ለምን?› አልሁት። ‹እመት አሰበች፣ መተማ ሲያዝ እነግርዎታለሁ› አለኝ። ፈገግ አለ። ሳቀብኝ።»

ፊታውራሪ የሙሐመድጣሂርን ገመድ በራሳቸው ጩቤ ቆረጡ። ነጋዴው አንጓውን እያሸ ሄዶ ግመሊቱን መጫን ጀመረ፤ ጦሩ ዛሬውኑ መነሣት እንዳለበት ከሁሉም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

«የእንግዳው ደም ጠያቂ ወገኑ ገዳሪፍ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «እዚያ ስንደርስ በሽማግሌ ፊት ትቆሚያለሽ። እስከዚያ እጅሽን የሚያስር የለም። የምናስርበት ልብ የለንም።»

እሷ ግን አልሰማቻቸውም። የምታየው አዛናው እጅ ላይ ያለውን ደብተር ነበር።

«እሱ ምን ብሎ ጽፎ ኖሯል?» አለች። «አንተ ያልኸኝን አውቄዋለሁ። እሱ ያለውን አንብብልኝ።»

አዛናው ለመዋሸት አሰበ። ቃላት ሞልተውታል፤ በሦስት ቋንቋ መዋሸት ይችል ነበር። ደብተሩን ገለጠ።

«‹ጎሳመር። ጠል ባለበት ጠዋት ማሽላው ላይ ተዘርግቶ የሚታይ ቀጭን የሸረሪት ድር። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ይህን ያህል ያማረ አላገኘሁም። ለአለነ። ይህ ልጅ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ቀድሞ ብቻውን ይሮጣል። ፍችውን የሰማ ዕለት አያቶቻችን ያሉትን እንዲያስታውስ፦ ድር ቢያብር...›»

አዛናው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ተረት ነበር፤ ያን ጠዋት ጫማውን ሲያስር ግን በጭራሽ ትዝ አላለውም።

«...አንበሳ ያስር» አለች እመት አሰበች።

ወደ መጁ ሄዳ ጎንበስ አለች። ልታነሣው እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካው እዚያው እንደ ጎበጠች ቀረች።